ላሟ የወደደችው ውሃ

ውሃውን መጀመሪያ የቀመሰችው ላማችን ናት። አባቴ አዲስ ውሃ የሚፈትነው በላም ነው፤ አባቱም እንደዚያው ያደርግ ነበር። ላም አሽትታ ፊቷን ካዞረች ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ከጠጣች ግን ውሃው ለሰውም ለእርሻም ይሆናል ማለት ነው። ያን ዕለት ባልዲው ፊቷ ሲቀመጥ አንዴ አሸተተችና አፏን ቀብራ ጠጣች። ሲያልቅባት የባልዲውን ታች ላሰችው። ሁለተኛ ቀዱላት፣ ያንንም ጨረሰች። ቆፋሪዎቹ አጨበጨቡ፣ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ጸለየ፣ አባቴ አለቀሰ። እኔ አልነበርኩም። ሶዶ ላይ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ጨው እያስተማርኩ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ የዚያ ሳምንት የትምህርት ዕቅዴ ላይ ተጽፏል።

አባቴ የሚኖረው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሁምቦን ካለፉ በኋላ ባለው ቆላ ነው። ሶዶ ላይ ሹራብ ለብሶ ሚኒባስ የገባ ሰው እዚያ ሲደርስ ሹራቡን ክንዱ ላይ ጥሎ ይወርዳል። ከጓሯችን ጫፍ ቆሞ ላየ ሰው አባያ ሐይቅ ሩቅ ላይ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ማየቱ ግን አያጠጣም። ልጅ ሆኜ ውሃ የምንቀዳበት ወንዝ በበጋ አሸዋው ብቻ ይቀር ነበር፤ አሁን በክረምትም ያው ነው ማለት ይቻላል። የበልግ ዝናብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አሳፍሮናል።

እናቴ ከገሱባ በኩል ተድራ ስትመጣ የበርበሬ ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የመጣችው። በርበሬው መልክ የለውም። አጭር ነው፣ የተጨማደደ ነው፣ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ጠመም ይላል፤ ገበያ ላይ ከረጃጅሞቹ ጎን ቢቀመጥ የሚያነሳው የለም። ዳጣ ሲሆን ግን ሌላ ነው። እናቴ እሸቱን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጨው ጋር በድንጋይ ትፈጨውና በማሰሮ ታስቀምጠው ነበር፤ በወላይታ ቤት ሥጋ ያለ ዳጣ ሥጋ አይባልም። አባቴ ይህን በርበሬ ገና ሲነክሰው ስቅታ ይይዘዋል። ከሌላ በርበሬ አይዘውም፤ ከሚጥሚጣ እንኳ አይዘውም። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ውሃ በኩባያ ይዛ አጠገቡ ትቆማለች። "በል ጀምር" ትለዋለች። እሱ ይነክሳል፣ ስቅ ይለዋል፣ እሷ ትስቃለች። ትዳራቸውን ሙሉ በዚህች በአንዲት ነገር ሲሳሳቁ ኖሩ። እኔ አድጌ፣ ተምሬ፣ ከከተማ እንግዳ ይዤ ስመጣ ያሳፍረኝ ነበር።

ለዘሩ እናቴ አንድ ሕግ ነበራት። ግማሹን ትዘራለች፤ ግማሹን ከአመድ ጋር ቀላቅላ በቅል ውስጥ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። የቅሉ ዘር የሚወርደው አዲሱ ደርቆ ሲተካው ብቻ ነው። ጎረቤት ቢለምናት ችግኝ ትሰጣለች እንጂ ዘር አትሰጥም። ለእኔ ግን ከመሞቷ ከጥቂት ወራት በፊት ድርሻዬን በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። "ተከራይቼ በምኖርበት ቤት የት ልዝራው? አንቺው ጋ ይቀመጥ" አልኳት። ወረቀቱን ፈታችና ዘሩን መልሳ ቅሉ ውስጥ ገለበጠችው።

በታኅሣሥ ሞተች። የለቅሶው ሰው ሲበተን አባቴ ከላሟ ጋር ቀረ። የአጥቢያው ወንዶች፣ ሐዘኑን ለማስረሳትም ይሁን ለራሳቸው ውሃ አስበው፣ በየካቲት ተሰባስበው መጡና በተራ እየገቡ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈሩለት። ላሟ የጠጣችው ያኔ ነው።

በቀጣዩ እሁድ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምስክርነት ተነሣ። ለማያውቀው ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን በጉባኤ ፊት ከተናገረ፣ ነገሩ የእሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ሁሉም አሜን ብሎበታል። አባቴ ዓይናፋር ሰው ነው፤ ስልሳ ዓመት አልፎት አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ያን ዕለት "ሚስቴን ወሰደ፣ ውሃ ሰጠኝ" ብሎ ተቀመጠ አሉ። ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ።

በዚያው ቀን ደወለልኝ።

"ዘራሁት" አለኝ። "ሁሉንም።"

"የቅሉንም?"

"የቅሉንም። ተሰቅሎ ምን ያደርግልኛል? ውሃ አለ እኮ፣ ልጄ።"

እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቅሉ ባዶውን ተሰቅሎ ታየኝ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ። "ጎበዝ" አልኩት።

ለትንሣኤ ወረድኩ። አባቴ ቤት ከማስገባቱ በፊት ወደ ችግኙ መደብ ወሰደኝ። የሣር ዳሱ በሥርዓት ተሠርቷል፣ አፈሩ ረጥቧል፣ ጠርዙ በድንጋይ ታጥሯል። ከተዘራው ግን ግማሹ እንኳ አልወጣም። የወጣውም አድጎ አላደገም፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ ላይ ቡናማ መስመር ጀምሮታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንዷን በጣቱ ነካ አደረጋትና "ዘሩ አርጅቷል" አለ። "እናትሽ አላግባብ ታቆየው ነበር።"

ሟች ላይ ማሳበቡ አናደደኝ። የእናቴ ዘር አርጅቶ አያውቅም። ቤት ስንገባ ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ በኩባያ ሰጠኝና ፊቴን እያየ ቆመ። ጠጣሁ። ወዲያው የሚታወቅ ነገር የለውም፤ ከዋጡት በኋላ ነው አንድ ጣዕም ጉሮሮ ሥር የሚቀረው።

"እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው" አልኩት።

ላሟ በር ላይ ቆማ ነበር። ድሮ የጭቃ ግድግዳውን እየላሰች ታስቸግረን ስለነበር አባቴ ከገበያ ጨው ይገዛላት ነበር። "አሁን ግድግዳ መላስ ትታለች፣ ወተቷም ጨምሯል" አለኝ በኩራት። አንድ የኬሚስትሪ አስተማሪ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? እኔ ግን ማስረጃ ፈለግሁ። ሳያየኝ የላስቲክ ጠርሙስ ከጉድጓዱ ሞልቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሶዶ ስመለስ፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በቤተ ሙከራው ምድጃ ላይ ውሃውን በሳህን አድርጌ አፈላሁት። በሌላው ምድጃ ላይ የሶዶን የቧንቧ ውሃ በተመሳሳይ ሳህን አስቀመጥኩ። የቧንቧው ሲደርቅ ሳህኑ ላይ ስስ ጉም የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። የአባቴ ሲደርቅ ግን ነጭ ቅርፊት ቀረ፤ በጥፍሬ ብፍቀው ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። በምላሴ ነካሁት። ተማሪዎቼን ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም ነገር እንዳትቀምሱ ብዬ የማስፈራራ ሴት ነኝ።

ተማሪ ቢጠይቀኝ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው። ሥር ውሃ መሳብ የሚችለው በውስጡ የሟሟው ነገር ከአፈሩ ውሃ ሲበልጥ ነው። አፈሩ ጨው ሲበዛበት ነገሩ ይገለበጣል፤ ተክሉ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጠማል። ሲጠማ ይጠወልጋል፣ ሲጠወልግ ያየ ገበሬ ውሃ ይጨምርለታል፣ ውሃው በፀሐይ ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ጥጥ ይችለዋል። ገብስም ብዙ ይታገሠዋል። በርበሬ ግን ሆደ ባሻ ነው፤ በትንሹ ያኮርፋል። መጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል፣ ከዚያ ቁመቱ ይቆማል፣ ከዚያ አበባውን ፍሬ ሳይሆን ያራግፋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በመደቡ ላይ የቀሩት ችግኞች ገና ሊተርፉ እንደሚችሉም አውቅ ነበር። ነቅዬ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሶዶ ባመጣቸው፣ የአከራዬን ጓሮ ለምኜ ብተክላቸው፣ የእናቴ ዘር ይተርፍ ነበር።

አልደወልኩለትም።

ምክንያት አላጣሁም። ለአንድ ሰው ሚስቱ በሞተች በአራተኛው ወር፣ በጉባኤ ፊት ተነሥቶ ያመሰገነበትን ውሃ ጨው ነው ብሎ መንገር ቀላል አይደለም አልኩ። ፈተና እያረምኩ ነው አልኩ። ዝናብ ይመጣና አፈሩን ያጥበዋል አልኩ። እውነቱ ግን ፈራሁ። በየሳምንቱ ሲደውል ድምፁ ሕይወት ነበረው፤ እሱን የማጠፋው እኔ መሆን አልፈለግሁም። በአምስተኛው ሳምንት "ችግኙን ነቅዬ ማሳው ላይ ከተከልኩት ሰነበተ፣ ቀን ሦስት ጊዜ አጠጣዋለሁ" አለኝ። ያኔ መቀመጥ አቃተኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ ወረድኩ።

ማሳው ላይ ስደርስ አባቴ የምድጃ አመድ በቁና ይዞ ከየተክሉ ሥር እየነሰነሰ ነበር። እናቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር። እሷ ያደገችበት ደጋ ላይ ለቀዩ አፈር አመድ መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን በጨው ላይ ጨው መጨመር ነበር። ተክሎቹ ከጉልበት በታች ቀርተዋል። ቅጠላቸው ወደ ላይ ታጥፎ ጠርዙ እንደተለበለበ ወረቀት ሆኗል። የረገፈው አበባ ከየሥሩ ወድቋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው አፈር ነጭ ነበር፤ ከመንገድ ሆኜ ሳየው አመዱ መስሎኝ ነበር።

"ተወው፣ አባዬ" አልኩት። "ና ወደ ቤት።"

በአፌ ከምነግረው በዓይኑ ይየው ብዬ ብረት ድስቱን እሳት ላይ ጣድኩና ከጉድጓዱ ውሃ አንድ ኩባያ ጨመርኩበት። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ውሃው ጨሰ፣ ፈላ፣ አለቀ። ድስቱን አውርጄ ፊቱ አስቀመጥኩት። አመልካች ጣቱን አርሶ ነጩን ነካና ላሰው። ከዚያ ደግሞ ላሰው።

"ለዚህ ነው ላሟ የወደደችው" አለ።

"አዎ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ለትንሣኤ" አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ሳምንታቱን ቆጠረ። ቆጥሮ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ያኔ መደቡ ላይ የነበሩት ብዙ ነበሩ፣ አይደል?"

"ብዙ ነበሩ።"

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ እንዴት ጥሩ ነበር። ተነሥቶ በቁናው የቀረውን አመድ በር ላይ ደፋና ቁናውን ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

በማግስቱ እሁድ አብሬው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እንደገና ተነሣ። እጄን ዘርግቼ ኮቱን ልይዝ ነበር፤ አልደረስኩበትም። "ባለፈው የመሰከርኩት ውሃ ጨው ነው" አለ። "እግዚአብሔርስ መስጠቱን ሰጥቷል፤ ለላሟ ነው የሰጣት። ሌላ የምትቆፍሩ ካላችሁ ቀድማችሁ አፍልታችሁ እዩ።" ተቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው ከልማድ የተነሣ "አሜን" አለና አፈረ። መሪው መዝሙር አስጀመረ። አባቴ አብሮ ዘመረ፤ እኔ አልቻልኩም።

ነገሩን አመልክተን ከወረዳው የመጣው የእርሻ ባለሙያ ወጣት፣ ትሑት፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ልጅ ነበር። አፈሩን በላስቲክ ሰበሰበ፣ ውሃውን በመሣሪያ ለካ፣ ከዚያ በአማርኛ "አባት፣ ማሳው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት" አለው። አባቴ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "ንጹሕ ውሃ ቢኖረኝ ጉድጓድ ምን ይሠራልኛል፣ ልጄ?" አለው። ልጁም ሳቀ።

ክረምቱ ዘግይቶ ሲመጣ የቀሩት ተክሎች አሥር አይሞሉም ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ሁለቱ ትንንሽ ፍሬ ያዙ። አባቴ ቆርጦ አምጥቶ በመዳፌ ላይ አስቀመጣቸው። ሰነጠቅኋቸው። ውስጣቸው ያለው ዘር ቡናማና ስስ ነበር፤ በጣት ሲጫኑት ይሟሽሻል።

ወደ ገሱባ ሄድኩ። መንገዱ ወገቤን ቆረጠው። የእናቴ ወንድም ሚስት በር ላይ ተቀብላኝ የመጣሁበትን ስነግራት ግራ ገባት። "ያ ጠማማው?" አለችኝ። "እሱን ማን ይተክላል ዛሬ? ከተውነው ቆየን እኮ። ከገበያ ችግኝ እንገዛለን፣ ረጅሙን፣ ቀዩን።" ምሳ አብልታ፣ ከዚያው ከረጅሙ በርበሬ አንድ ፌስታል ሞልታ ሰደደችኝ። ቤታቸው ውስጥ ቅል ተሰቅሎ እንደሆነ ጣራውን ሁሉ በዓይኔ ፈትሻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ሶዶ ቤቴ ውስጥ እናቴ ከመሞቷ በፊት የላከችልኝ የመጨረሻው ዳጣ በጠርሙስ ነበር። ከለቅሶው ወዲህ አልከፈትኩትም። እናቴ ስትፈጭ ጥቂት ዘር ሳይደቅ ያመልጣታል። ጠርሙሱን ገልብጬ በመርፌ ጫፍ እየለቀምኩ ያልተሰበሩትን አወጣሁ። ደጋግሜ አጠብኳቸው፣ በዝናብ ውሃ ዘፈዘፍኳቸው፣ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ዘራኋቸው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጨው ውስጥ የከረመ ዘር እንደማይበቅል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለአባቴ ግን ነግሬው ነበር፤ ነግሬው ስለነበር በየእሁዱ ይደውላል።

"በቀለ ወይ?"

"ገና ነው።"

ከዚያ ሌላ ምንም አይጠይቀኝም፤ ስለ ጤናዬም፣ ስለ ሥራዬም። ይህ ለስንት እሁድ እንደቀጠለ አላስታውስም። አንድ እሁድ "በቀለ ወይ?" ሲለኝ "አንድ በቅሏል" አልኩት። አስቤ የተናገርኩት አይደለም። በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ተሰማኝ። "ጨው አታስነኪው" አለኝ።

በዚያው ሳምንት ቦዲቲ ሄጄ ከገበያ አንድ የበርበሬ ችግኝ ገዛሁ። ከቀረቡት ሁሉ አጭሩንና ጠማማውን ነበር የመረጥኩት፤ ሻጯ የተሻለ ልታነሳልኝ ብትሞክር እንቢ አልኳት። የእናቴ ዘር በበሰበሰበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዚያው አፈር ላይ ተከልኩት። በረንዳ ላይ አቆምኩት። የዝናብ ውሃ በሳፋ እያጠራቀምኩ አጠጣሁት። በእጄ እንደዚያ ሆኖ ያደገ ነገር የለም። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ ንጹሕ፣ አበባው የማይረግፍ ሆነ። ባየሁት ቁጥር እጠላው ነበር።

አባቴ ዓይኑን ሊታከም ሶዶ መጣ። ቤት ሳይገባ በረንዳው ላይ ቆመ። ተክሉ ላይ አራት ቀይ በርበሬ ነበር። ተጠግቶ ቅጠሉን ገለበጠ፣ ግንዱን ዳሰሰ፣ አንዱን በርበሬ ቀጠፈ። በነጠላው ጫፍ ጠረገውና ነከሰው።

አኘከ። ዋጠ። ሁለታችንም ጠበቅን። እጄ የበረንዳው ምሰሶ ላይ ነበር፤ ምሰሶውን እንዴት አጥብቄ ይዤው እንደነበር ያወቅኩት በኋላ መዳፌን ሲያመኝ ነው። ስቅታው አልመጣም።

"ውሃ ስጪኝ" አለኝ።

ገብቼ ከቧንቧ በኩባያ ቀዳሁለት። ተቀበለኝና አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ጠጣው፤ ስቅታ የያዘው ሰው እንደሚጠጣ፣ ትንፋሹን ይዞ። ኩባያውን መለሰልኝ። የነከሰው በርበሬ ውስጥ ያለውን ዘር በጣቱ እየፈለፈለ በመዳፌ ላይ ደረደረው።

"ስትዘሪ ግማሹን አስቀሪ" አለኝ።

"እሺ፣ አባዬ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ይደውላል። ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ላሟ ይነግረኛል። ስለ በርበሬው አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።